በአምስት ደቂቃ የሚደረስበት ጥላ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሥራ አመራር ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)




 የቁጠባውና የብድሩ ሪፖርት፣ የኦዲቱም ውጤት ከሻይ ሰዓት በፊት ስለቀረበላችሁ አንደግመውም። አሁን የምናቀርበው ብዙዎቻችን «የእኛ ጉዳይ አይደለም» ስንለው ስለኖርነው ነገር ነው። ስለ ዛፍ፣ ስለ ሣርና ስለ ማረፊያ ቦታ እንነጋገራለን።

ጉዳዩ ዛሬ አጀንዳ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቢሯችን ጀርባ ያለችው፣ ለዓመታት ቆሻሻ ሲጣልባት የኖረችው ቁራሽ መሬት ለሌላ ሥራ እስክትፈለግ ድረስ እንድንጠቀምባት ተፈቅዶልናል። ፈቃዱ ከመጣ ጀምሮ በየቡድኑ ስብሰባ ሦስት ሐሳብ ሲነሳ ቆይቷል። አንዳንዶቻችን «በቆርቆሮ አጥረን፣ መጋዘን ሠርተን እናከራያት፤ መርካቶ አጠገብ ተቀምጠን መሬት በዛፍ አንይዝም» አልን። ሌሎቻችን «በርበሬ ማስጫ ትሁነን፣ በየጣሪያው ላይ መስጣት ሰልችቶናል» አልን። የቀሩት ደግሞ «ልጆቻችን የሚጫወቱባት፣ አሮጊቶቻችን ፀሐይ የሚሞቁባት፣ እኛም አረፍ የምንልባት አረንጓዴ ቦታ ትሁን» አሉ። ሦስቱም ሐሳብ የመጣው ከእውነተኛ ችግር ስለሆነ አንዱንም አንንቅም። ኮሚቴው የደረሰበትን ሐሳብ ከነምክንያቱ እናቀርባለን፤ ውሳኔው የእናንተ ነው።

የምንኖርበትን ሰፈር በቁጥር ስናየው

አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ከመዲናችን ትንንሽ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ስፋቱ ሰባት ተኩል ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ250 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበት ነበር። ስናካፍለው በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 34 ሺህ ሰው ይደርሳል። በዚያው ቆጠራ መላው አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበረው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር ሲታሰብ ከአምስት ሺህ ብዙም አይበልጥም። የእኛ ሰፈር መጨናነቅ የከተማው አማካይ ስድስት እጥፍ ነበር ማለት ነው።

በሌላ በኩል እንየው። የክፍለ ከተማውን መሬት በሙሉ ለነዋሪው እኩል ብናከፋፍለው ለአንድ ሰው 29 ካሬ ሜትር ገደማ ይደርሰው ነበር። ከዚያ ላይ መንገዱን፣ አውቶቡስ ተራን፣ መርካቶን ከነመጋዘኖቹና ከነሱቆቹ፣ ትምህርት ቤቱንና ጤና ጣቢያውን ቀንሱ። የቀረው ለመኝታ፣ ለኩሽና፣ ለልጅ መጫወቻ፣ ለልብስ ማስጫ፣ ለለቅሶ ድንኳንና ለሠርግ ዳስ የሚብቃቃ ነው። የሚበዙት አባሎቻችን አንድ የጋራ ግቢ፣ አንድ የጋራ ኩሽናና አንድ የጋራ መጸዳጃ ቤት ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ይጠቀማሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ «ከቤት ወጣ ብሎ መተንፈስ» ከተባለ የሚወጣው ወደ መንገድ ነው፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ጋሪው፣ ተሸካሚውና አይሱዙው አለ።

ታዲያ በሰፈራችን ዛፍ የለም ማለት አይደለም። ዛፍ ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ሌላው ደብር ግቢ ይገባል። ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ጥዱንና ወይራውን ጠብቆ ያቆየው ማንም እንዳይቆርጠው የሚያደርግ ክብር ስላለው ነው። ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። ዛፍ በተጨናነቀ ሰፈር የሚተርፈው «የእኔ ነው» ብሎ የሚቆምለት ሰው ሲኖረው ነው። ባለቤት የሌለው ባዶ ቦታ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወይ ቆሻሻ መጣያ ይሆናል፣ ወይ የሆነ ሰው ላስቲክ ይወጥርበታል።

ትልልቆቹ ፓርኮችና የእኛ ቀን

ባለፉት ዓመታት በከተማችን ብዙ አረንጓዴ ቦታ ተሠርቷል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክና እንጦጦ ፓርክ ተከፍተዋል። ከእነሱ በፊትም ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፣ ብሔረ ጽጌ፣ አፍሪካ ፓርክ፣ ሐምሌ 19 እና ሌሎችም ነበሩ። በኮሪደር ልማቱም በየዋናው መንገድ ዳር አበባና መቀመጫ ተዘርግቷል። ይህን ያየ ዐይን የለም አይልም፤ ደስም ይለናል።

ነገር ግን አንድ እንጀራ ጋጋሪ አባላችን ቀኗን እንዴት እንደምታውል እናስብ። ሌሊት ተነስታ ታቡካለች ወይም ትጋግራለች፤ ጠዋት ለደንበኛ ታደርሳለች፤ ከዚያ ልጅ ትሸኛለች፣ ገበያ ትወጣለች፣ ታጥባለች። ከሰዓት በኋላ የምታገኘው ነፃ ጊዜ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። እንጦጦ ለመድረስ ታክሲ ሁለት ጊዜ መቀያየር፣ ልጆቹን አጥቦ ማልበስ፣ ለእያንዳንዱ የትራንስፖርት ማውጣት አለ። አንድነት ፓርክ ሲከፈት መደበኛው መግቢያ 200 ብር ነበር። ስለዚህ ትልቁ ፓርክ ለእሷ የዓመት በዓል ነገር ነው። በዓመት አንዴ የሚታይ ዛፍ ደግሞ የየዕለቱን ድካም አያቀልም።

ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ የከተማ ነዋሪ ከቤቱ በ300 ሜትር ውስጥ፣ ማለትም በአምስት ደቂቃ የእግር መንገድ፣ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሚሆን አረንጓዴ ቦታ ሊያገኝ ይገባል ይላል። የተባበሩት መንግሥታት አገሮች በ2015 (እ.ኤ.አ.) የተስማሙባቸው የዘላቂ ልማት ግቦችም በ11ኛው ግብ ሥር ይህንኑ አስቀምጠዋል፤ እስከ 2030 ድረስ ደህንነቱ የተጠበቀ አረንጓዴና የሕዝብ ቦታ ለሁሉም፣ በተለይም ለሴቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንዲዳረስ ይላል። የከተማችን መዋቅራዊ ፕላንም ከመሬቱ 30 በመቶውን ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ መድቧል። ስለዚህ ከጓሯችን አንዲት ጥላ ስንጠይቅ ቅንጦት እየጠየቅን አይደለም።

የእኛዋ ቁራሽ መሬት ግማሽ ሄክታር አትደርስም። በጣም ትንሽ ናት። ለዚህም ነው ቀጥሎ የምንነግራችሁ ነገር ኮሚቴውን ያበረታታው።

ትንሽ ቦታ ምን ይጠቅማል?

በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ቤቶች ፈርሰው ባዶ የቀሩ፣ ቆሻሻ የሚጣልባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ። ተመራማሪዎች 541 ባዶ ቦታዎችን በዕጣ በሦስት ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ቆሻሻቸው ተነስቶ፣ መሬታቸው ተስተካክሎ፣ ሣርና ጥቂት ዛፍ ተተከለባቸው፤ ሰው በቀላሉ የሚያልፍበት ዝቅተኛ የእንጨት አጥር ተደርጎላቸው በየወሩ እንክብካቤ ተደረገላቸው። በሁለተኞቹ ላይ ቆሻሻ ብቻ ይነሳ ነበር። ሦስተኞቹ እንዳሉ ተተዉ። ከዚያም በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች ስለ ስሜታቸው ከሥራው በፊትና በኋላ ተጠየቁ።

በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፤ አረንጓዴ በሆኑት ቦታዎች አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ምንም ካልተደረገባቸው ቦታዎች ጎረቤቶች ጋር ሲነጻጸሩ «ድብርት ይሰማኛል» ማለታቸው በ41.5 በመቶ ቀንሷል። በድሀ ሰፈሮች ለውጡ ከዚህም የበለጠ ነበር። ቆሻሻ ብቻ በተነሳባቸው ቦታዎች ግን የሚያስተማምን ለውጥ አልታየም። ለአንድ ቦታ የወጣው ወጪ 1,600 ዶላር ያህል ሲሆን የዓመት እንክብካቤው 180 ዶላር ገደማ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛ፣ ትልቅ ፓርክ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በየቀኑ የምናልፍበት ትንሽ ቦታ ከቆሻሻ ወደ ሣር ሲለወጥ ሰው ይለወጣል። ሁለተኛ፣ ዘመቻ ወጥቶ ቆሻሻ ማንሳት ብቻውን አይበቃም። እኛም ይህን በዐይናችን አይተነዋል፤ ያቺን ቦታ ስንት ጊዜ አጽድተናት ስንት ጊዜ ተመልሳ እንደቆሸሸች ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ሌላው ጥቅም ለሁላችንም ግልጽ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መቀመጥ ምጣድ ላይ እንደመቀመጥ ነው። ቆርቆሮ፣ አስፋልትና ሲሚንቶ ሙቀቱን ውጠው ማታ ይተፉታል። ዛፍ ግን ጥላ ከመስጠቱም በላይ ከሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ እየተነፈሰ አየሩን ያቀዘቅዛል። በክረምት ደግሞ በሲሚንቶ የተሸፈነ ሰፈር ጎርፉን በሙሉ ወደ ታችኛው ቤት ይልከዋል፤ ሣርና ልቅ አፈር ከዝናቡ የተወሰነውን ይጠጣል። ከታች በኩል ያሉት አባሎቻችን ሐምሌና ነሐሴን እንዴት እንደሚያሳልፉ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ለማን እንሠራዋለን?

አረንጓዴ ቦታ ስለተሠራ ብቻ ለሴት ይጠቅማል ማለት አይደለም። የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና ይህን በጥናት ያወቀችው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ሴት ልጆች ዘጠኝ ዓመት ገደማ ካለፋቸው በኋላ ከፓርክ እየጠፉ ይሄዳሉ፤ ወንዶቹ ግን ይቀጥላሉ። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ ፓርኩ ውስጥ ያለው አንድ የታጠረ ኳስ ሜዳ ነበር፤ ወንዶቹ ቀድመው ይይዙታል፣ ልጃገረዶቹም ከመጋፋት መቅረት ይመርጣሉ። ከተማዋ በ1999 በተጨናነቀው ማርጋሬተን ወረዳ ሁለት ፓርኮችን እንደገና አሠራች። ሜዳው በክፍል በክፍል ተለየ፣ መግቢያው በዛ፣ መረብ ኳስና ባድሜንተን ተጨመረ፣ ተሰብስቦ መቀመጫ ተዘጋጀ። ልጃገረዶቹ ተመለሱ።

ይህ በእኛም ሰፈር ያለ ነገር ነው። ባዶ ቦታ ሲገኝ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ድንጋይ ጎል ሆኖ ይቆማል። ወንዶች ልጆቻችን ይጫወቱ፣ ልጆቻችን ናቸው፤ ግን ታናናሽ እህቶቻቸው ግድግዳ ተደግፈው ተመልካች ሆነው እንዳይቀሩ ከአሁኑ እናስብበት።

በየቡድኑ ስብሰባ «አረንጓዴ ቦታ ቢኖር ምን እንዲኖረው ትፈልጋላችሁ?» ብለን ስንጠይቅ ስለ አበባ የተናገረችው ጥቂት ናት። ብዙዎች ያሉት ይህን ነበር፤ ከመንገድ የሚታይ ይሁን፣ ቁጥቋጦ አይጋርደው፤ ማታ መብራት ይኑረው፤ ልጅ ሲጫወት እናት ሥራዋን ይዛ የምትቀመጥበት ይኑር፤ ሽንት ቤት ቅርብ ይሁን። ሽንት ቤት የሌለበት መናፈሻ ለሴትና ለአሮጊት ግማሽ ሰዓት እንኳን አይበቃም። ደግሞም አንዲት እናት ያለችውን እንጥቀስ፤ «ሥራ ፈትቼ ዛፍ ሥር ብቀመጥ ሰው ምን ይለኛል?» ወንድ ጠላ ቤት ወይም ጀበና ቡና ዘንድ ሲቀመጥ የሚጠይቀው የለም። ሴት ግን ለመቀመጥ ምክንያት ይፈለግባታል። ስለዚህ እፍኝ ምስር እየለቀመች፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ጥጥ እየፈተለች የምትቀመጥበት ቦታ ይሁን። ሥራዋን ይዛ ከመጣች ማንም አይጠይቃትም፤ እየቆየ ሲሄድ ባዶ እጇንም ትመጣለች ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ችግኝ መትከል አንድ ቀን፣ ማጠጣት ሦስት ዓመት

ከተማችንና ዛፍ የቆየ ታሪክ አላቸው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው እንጨት አልቆ ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ተጀምሮ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስለደረሰ ከተማዋ በቦታዋ ቀረች። የባሕር ዛፉ ሸክም ግን በሴት ጀርባ ላይ ነበር። ከእንጦጦ ቁልቁል ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ያላየ አዲስ አበቤ የለም። ዛፍ ለእኛ ለሴቶች ከመዝናኛ በፊት ሸክም ነበር፤ ማረፊያ ቢሆንልን ይገባናል።

በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ ዋንጋሪ ማታይ በ1977 (እ.ኤ.አ.) በኬንያ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት ሥር የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ጀመረች። የገጠር ሴቶች ተደራጅተው ችግኝ አፈሉ። ክፍያቸው ትንሽ ነበር፤ አከፋፈሉ ግን ብልህነት ነበረው። የሚከፈላቸው በተተከለው ልክ ሳይሆን በጸደቀው ልክ ነበር። በ1989 በናይሮቢ እምብርት ባለው ኡሁሩ ፓርክ ላይ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ እሷና ጓደኞቿ ተቃወሙ፤ ተሰደቡ፣ ተገፉ፤ በመጨረሻ ግን የገንዘብ አቅራቢዎቹ አፈግፍገው ሕንፃው ቀረ። ፓርኩ ዛሬም አለ። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተቀበለች።

በአገራችንም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ ችግኝ እንተክላለን። ማኅበራችንም አልቀረም። የሐምሌ ችግኝ ፈተና ግን ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲቆም ይጀምራል። ስለዚህ ኮሚቴው ያቀረበው ዕቅድ ከተከላው ይልቅ በውኃው ላይ ያተኮረ ነው።

ዕቅዳችን በዝርዝር

መሬቱን በሦስት እንከፍለዋለን። በደቡብ በኩል ያለው ጠርዝ በድንጋይ ተነጥፎ ለበርበሬና ለእህል ማስጫ ይሆናል። ዛፎቹ የሚተከሉት በሰሜኑ ጠርዝ ነው። ምክንያቱም በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ስለምትሄድ የዛፉ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ የተሰጣውን በርበሬ አይነካም። «ዛፍ ከተተከለ ማስጫ ቀረ» የሚለው ስጋት በዚህ ይፈታል። መሐሉ የልጆችና የመቀመጫ ቦታ ነው፤ ኳስ ከመቀመጫው ራቅ ባለው ጥግ ብቻ ይሆናል።

የሚተከለው ምን ይሁን? ባሕር ዛፍ ለዚህች ቦታ አይሆንም፤ ውኃ ይሻማል፣ ቁመቱም ለቆርቆሮ ቤት ያሰጋል። ለፈጣን ጥላ ጥቂት ግራቪሊያ፣ ለልጅ ልጅ ወይራ፣ ለልጆች ደስታ ኮክ መርጠናል። በዳር በዳሩ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠልና ዳማ ከሴ ይሆናል። እነዚህ ብዙ ቦታ አይፈልጉም፤ ለቤታችንም ለገበያም ይሆናሉ።

ጎመንና ሰላጣን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ። መሬቱ ለዓመታት ቆሻሻ፣ የባትሪ ድንጋይና የተቃጠለ ዘይት ሲደፋበት ኖሯል። እንዲህ ባለ አፈር ላይ የሚበላ ቅጠል መዝራት ልጅን መመረዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚበላ አትክልት ከሌላ ቦታ በመጣ ንጹሕ አፈር፣ በጆንያና ከፍ ባለ መደብ ላይ ብቻ ይዘራል።

ውኃው እንዴት ነው? በአዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 50 ካሬ ሜትር የሆነ ጣሪያ ካለ በዓመት እስከ 60 ሺህ ሊትር ይወርድበታል፤ ይህ ሁሉ አሁን ወደ ቦይ ይሄዳል። አሸንዳ ሠርተን ሁለት ሺህ ሊትር በሚይዝ ሮቶ ብናጠራቅም፣ አሥር ዛፍ በሳምንት 20 ሊትር ቢጠጣ አንዴ የሞላው ለአሥር ሳምንት ይበቃል። በልግ ሲዘንብ እንደገና ይሞላል። በመሐል ያለውን ክፍተት በየተራ ከየቤታችን እናሟላለን። የመጨረሻው የልብስ ማለቅለቂያ ውኃ ለዛፍ ይሆናል፤ ለሚበላ ቅጠል ግን አይሆንም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለአንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን ሸክም ነው፤ በተራ ከተያዘ ግን ለአንዲት አባል በወር አንድ ጊዜ እንኳን ላይደርስ ይችላል።

የመጋዘኑን ሐሳብ ለምን እንዳልመረጥነው እንንገራችሁ። ኪራይ ገንዘብ እንደሚያመጣ አንክድም። ነገር ግን ፈቃዱ ጊዜያዊ ነው፤ ለመጋዘን የምናወጣው ገንዘብ ቦታው በተፈለገ ቀን ይፈርሳል። ሁለተኛም፣ ከኪራዩ የሚገኘው ለእያንዳንዷ አባል ሲከፋፈል ጥቂት ብር ነው፤ ከቦታው ግን ሁላችንም እንወጣለን። ማንም አባል ያላከራየችው መሬት ላይ መቀመጥ አትችልም ነበር።

«ነገ ብንነሳስ?»

በየስብሰባው የተነሳው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ፒያሳ ፈርሷል፣ ካዛንቺስ ፈርሷል፤ የእኛም ተራ ሊመጣ ይችላል። ነገ ለምንነሳበት ቦታ ዛሬ ወይራ መትከል ምን ይሠራል? ጥያቄው የሚያሳዝንም የሚያስፈራም ነው፤ አቅልለን አናየውም። ከሰፈሩ መነሳት ማለት ቤት መቀየር ብቻ አይደለም። ዕድር፣ ዕቁብ፣ ደንበኛና ጎረቤት አብሮ ይበተናል።

ሦስት መልስ አለን። አንደኛ፣ የምንተክለው ሁሉ መሬት ውስጥ አይቀርም። መድኃኒት ቅጠሉና አትክልቱ በጆንያና በጣሳ ስለሚሆን ባለቤቱ ይዛው ትሄዳለች። ሮቶውና አሸንዳውም ይነቀላል። ሁለተኛ፣ ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ አባሎቻችን የሚነግሩን አለ። በየሕንፃው መሐል ሰፊ የጋራ ቦታ ተትቷል፤ ነገር ግን የማንም ስላልሆነ አቧራና የግንባታ ፍርስራሽ ሆኖ ይቀራል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው የጋራ ቦታውን በጋራ እንዲያስተዳድሩ ይፈቅዳል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው አብሮ መሥራትን የለመደ ሰው ነው። እዚህ ተራ ይዘን ውኃ ማጠጣትን፣ በሽንት ቤት ጽዳት ላይ መስማማትን፣ ልጆችን ማስታረቅን ከለመድን፣ የትም ብንሄድ የምንይዘው እሱን ነው። በማናውቀው ሕንፃ ሥር ከማናውቃቸው ጎረቤቶች ጋር ለመተዋወቅም ችግኝ ጥሩ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፣ ነገ እንነሳለን ብለን ዛሬ በቆሻሻ አጠገብ እየኖርን ልጅ ማሳደግ የለብንም። አንድ ልጅ ከአራት እስከ ስምንት ዓመቱ ያለው ጊዜ ተመልሶ አይመጣም። ቦታዋ ለአራት ዓመት ብቻ ብትቆይልን ለዚያ ልጅ ልጅነቱን በሙሉ ቆየችለት ማለት ነው።

የምንጠይቀው

እህቶቻችን፣ ከእናንተ የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም። የቁጠባውን ብር አንነካም፤ የብድሩም ፈንድ እንዳለ ይቀጥላል። የምንጠይቀው ተራ ነው። እያንዳንዱ ቡድን የውኃና የጽዳት ተራውን በስሙ ይያዝ፤ ተራዋን ያልፈጸመች አባል ለስብሰባ መቅረት የተደነገገውን ያህል ትቀጣ። ከልጃገረዶቻችን ሁለት በኮሚቴው ውስጥ ይግቡ፤ ቦታው ለእነሱ ካልተመቸ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፣ እስካሁን ለልብስ ስፌት መኪናው፣ ለሥልጠናውና ለብድሩ ፈንድ ያደረጋችሁልንን አንረሳም። አሁን ደግሞ አንድ ነገር በትሕትና እንለምናችኋለን። ለተከላ ቀን ባነር፣ ቲሸርትና ምሳ የምታስቡት ገንዘብ ካለ ለሮቶው፣ ለመብራቱና ለሽንት ቤቱ አድርጉልን። ከዚያም የሦስት ዓመት እንክብካቤውን በየዓመቱ ከፋፍላችሁ ስጡን፤ ክፍያውም በጸደቀው ዛፍ ልክ ይሁን። ስንት እንደተተከለ ሳይሆን ስንት እንደቆመ ጠይቁን። በየዓመቱ ኅዳር ላይ መጥታችሁ በእጃችሁ ቁጠሩ፤ ደረቅ ችግኝ ካለ እናሳያችኋለን፣ ለምን እንደደረቀም እንነግራችኋለን።

ከወረዳው እንግዶቻችን ደግሞ የምንጠይቀው ፈቃዱ በጽሑፍና በተወሰነ ዓመት እንዲሆንልን፣ ቦታው ሲፈለግም ቢያንስ አንድ ክረምት አስቀድሞ እንዲነገረን ነው። ችግኝ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል የሚቻለው በክረምት ነውና።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። አሁን መድረኩን ለእናንተ እንለቃለን። የመጋዘኑን ሐሳብ ያቀረባችሁ እህቶች መጀመሪያ ተናገሩ፤ የጎደለብን ስሌት ካለ አሳዩን። የበርበሬዎቹም ቡድን ማስጫው ይበቃው እንደሆነ ይንገረን። ከዚያ እጅ እናወጣለን። ከጸደቀ የመጀመሪያው ሥራ የሚጀምረው በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ አካፋና ጓንት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ቡናውን የሥራ አመራር ኮሚቴው ያፈላል።